ኧረ ወዴት ነው ሩጫው?

እናንተ የዕድሜ እኩዮቼ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ጉልበታችሁን የሚቆረጥማችሁ፣ መነጽራችሁን ግንባራችሁ ላይ ሰቅላችሁ ቤቱን ሁሉ የምታስሱ ወገኖቼ፣ እስቲ ጠጋ በሉኝ። ይህን ብሶት ከእናንተ ሌላ ማን ይሰማኛል? ልጆቹማ ጆሯቸውን ወትፈውታል። ቢሰሙኝም «አባባ፣ አሳጥረው» ነው የሚሉኝ። አሳጥረው! ገና ሰላምታዬን ሳልጨርስ!

ለመሆኑ ይህን ሕዝብ ማን ነው የሚያሳድደው? ጠዋት ወጥቼ አስፋልቱ ዳር ስቆም የማየው ሁሉ ይሮጣል። ታክሲ ሊጠብቅ የተሰለፈው እንኳ ቆሞ ይሮጣል፤ እግሩ ቆሞ ጣቱ ስልኩ ላይ ይጋልባል። ድሮ ሰው ከሰው ሲገናኝ ባርኔጣውን አንስቶ፣ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ፣ «እንዴት አደሩ፣ ደኅና ነዎት ወይ፣ ቤተሰቡ፣ ከብቱ፣ አዝመራው» ይባባል ነበር። ከብት የሌለን የከተማ ሰዎች ሳይቀር ስለ ከብት እንጠያየቅ ነበር፤ ክብር ነዋ! ሰላምታው እስኪያልቅ የወጣንበትን ጉዳይ እንረሳዋለን፤ አብዛኛው ጉዳይ ደግሞ ቢረሳም የማይጎዳ ነበር። ዛሬ ጎረቤቴ የሆነው ጎልማሳ በመኪናው መስኮት አውራ ጣቱን ብቅ አድርጎ ያልፈኛል። ይኸው ነው ሰላምታው። የአንድ ጣት ሰላምታ!

ወላጆቻችን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲሉን ራሳችንን ነቅንቀን ዝም እንል ነበር። በቀደም ይህንኑ ለልጅ ልጄ ብነግረው፣ «አባባ፣ ዛሬ እንቁላል በእግሩ አይሄድም፤ በሞተር ሳይክል ነው የሚላከው» አለኝ። ምን ልበለው? እውነቱን ነው። ሞተረኛው ሣጥኑን ጀርባው ላይ አዝሎ በእግረኛ መንገድ እየገባ፣ እኛን ሽማግሌዎቹን ቦይ ውስጥ እየከተተ ያደርሰዋል። ደግነቱ ዶሮዋ ይህን ወሬ አልሰማችም። እንቁላል ዛሬም ለመፈልፈል 21 ቀን ይፈጅበታል፤ መብራት በሚያሞቀው መፈልፈያ ቢከቱትም ያው 21 ቀን ነው። ገንዘብ ቢያሳዩት፣ ቢቆጡት፣ ቢደውሉለት ንቅንቅ አይልም። በዚህ አገር ክብሩን የጠበቀ እንቁላል ብቻ ቀረ እላለሁ አንዳንዴ።

ከተፈለፈለ በኋላ ያለውን ግን አበላሽተውታል። የፈረንጅ ዶሮ የሚሉት በአንድ ወር ተኩል ገደማ አድጎ፣ አጥር ሳይዘል፣ የሰው ጓሮ ሳይጭር፣ አንድ ቀን እንኳ ሌሊት ጮሆ ሰው ሳይቀሰቅስ ይታረዳል። ይኼ ምን ኑሮ ነው? የእኛ ዶሮ ስንት ወር ለቅሞ፣ ጭልፊት አምልጦ፣ ከጎረቤት ጋር አጣልቶን ነበር ድስት የሚገባው። ሥጋው ትንሽ ይጠነክር ነበር ይላሉ። ቢጠነክርስ? ጥርስ ነበረን!

የዶሮ ወጡንስ ነገር አታንሱብኝ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የዋዜማውን ሽንኩርት እንባዋን እያፈሰሰች አድቅቃ ከትፋ፣ ያለ ዘይት በለዘብተኛ እሳት ታቁላላው ነበር። ታማስላለች፣ ታማስላለች፣ ውኃ ጠብ ታደርግበታለች፣ ደግሞ ታማስላለች። በርበሬው ገብቶ ጥሬ ሽታው እስኪጠፋ ሌላ ዘመን ነው። ዶሮው በ12 ብልት ተገንጥሎ፣ በሎሚና በጨው ታጥቦ፣ ውኃው ብርጭቆ እስኪመስል ድረስ ተለቅልቆ ነው የሚገባው። እኛ ልጆቹ ጾሙ ሊፈታ ነው ብለን ከድስቱ ዙሪያ ስንዞር እናታችን በማማሰያው ታባርረናለች። 55 ቀን የታገሠ ሰው አንድ ሌሊት አይታገሥም ወይ እያለች። ዛሬ ሽንኩርቱን በመብራት መፍጫ አድቅቀው ያወጡታል፤ ይባስ ብሎ የተቁላላ ቁሌት በፕላስቲክ ታሽጎ ሱቅ ይሸጣል። ባለፈው ፋሲካ ምራቴ ደብቃ ይህንኑ እንደገዛች ደረስኩባት። ወጡ ሲቀርብልኝ ጉዱን ላጣራ ብዬ ቀመስኩት። እርግጠኛ ስላልሆንኩ ደገምኩ። ለምስክርነት እንዲበቃ ደግሞ አስጨመርኩ። ሰሃኑን በእንጀራ ጠርጌ ስጨርስ፣ «ይኼ ወጥ አይደለም» ብዬ ፍርዴን ሰጠሁ። ሰው እኮ እውነቱን መናገር አለበት።

እንጀራውም ያው ነው። ሊጡ በእርሾ ተቦክቶ ሦስት ቀን ያህል ሲቀመጥ፣ ቤቱ ሁሉ ሲኮመጥጥ፣ አብሲቱ ተጥሎ ኩፍ ሲል፣ ያኔ ነው እንጀራ እንጀራ የሚለው። አሁን ማን ሦስት ቀን ይጠብቃል? ከሱቅ በፌስታል ነው። ጠጁም፣ ጠላውም፣ ጌሾው ገና ሳይሠራ ይቀዳል። ሆድ ሲነፋን ደግሞ ሐኪም ቤት ሮጠን እንሄዳለን። እዚያም ሩጫ!

ቡና ላይ ስደርስ ድምፄ ይንቀጠቀጣል፤ ታገሡኝ። ቡና ማለት፣ ቄጠማው ተጎዝጉዞ፣ ዕጣኑ ጨሶ፣ ቡናው ታጥቦ በብረት ምጣድ ተቆልቶ፣ ጭሱ ለታዳሚው ሁሉ ዞሮ፣ በሙቀጫ ተወቅጦ፣ ጀበናው ገንፍሎ ወርዶ እንደገና ተጥዶ፣ ከቆሎው ጋር አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ሦስት ጊዜ የሚጠጣ ነገር ነው። የተጣላ ጎረቤት አቦል ላይ ተኮራርፎ ይቀመጣል፤ ቶና ላይ ቆሎውን ያቀባብላል፤ በረካ ላይ ተመራርቆ ይነሣል። ፍርድ ቤት ሳይከፈት፣ ጠበቃ ሳይቆም! እስቲ በወረቀት ኩባያ ይዘው መንገድ ለመንገድ እየተራመዱ የሚጠጡት ሰዎች ከማን ጋር ሊታረቁ ነው? ከመብራት ምሰሶ ጋር? ስልክ እያዩ ሲሄዱ እሱኑ ነው የሚገጩት።

በኔ ቤት ይህ ሥርዓት እንዲጠበቅ አጥብቄ አዝዣለሁ። ባለፈው እሑድ ምራቴ እንደ ደንቡ ልታፈላ ተቀመጠች። ቡናውን ትለቅማለች፣ ትለቅማለች። ታጥባለች። ከሰሉን ታራግባለች። አሁንም ታራግባለች። «ኧረ ልጄ፣ ምን ሆነሻል፣ ጠጥተን እንሙት እንጂ!» አልኳት። ሰውን አለንጋ ያስይዛሉ እኮ። አቦሉን ፉት ብዬ ብድግ አልኩ። ቶናና በረካ እስኪደርስ ማን ይቀመጣል? የእድር ስብሰባ ነበረብኝ፤ ስለ ወጣቶች ትዕግሥት ማጣት ነበር የምንመክረው።

መንገዱስ ቢሆን? በእኛ ጊዜ የምድር ባቡር ነበረን። ይህ ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1909። ከድሬዳዋ እስከዚህ 14 ዓመት! ኩባንያው ከሥሮ፣ የአውሮፓ መንግሥታት ተጨቃጭቀው፣ ሌላ ኩባንያ ተተክቶ፣ አዝግሞ አዝግሞ ገባ። ዘገየ ብሎ ማንም አልሞተም። ደግሞ መጀመሪያ አካባቢ ባቡሩ ሌሊት አይሄድም ነበር። ልብ በሉ፣ ባቡሩ ራሱ ይተኛል! ከለገሃር ጠዋት ተነሥቶ አዋሽ ያድራል፤ በማግስቱ ድሬዳዋ ያድራል፤ በሦስተኛው ቀን ጅቡቲ ይገባል። 784 ኪሎ ሜትሩን እንዲህ አጣጥሞ ነው የሚጨርሰው። ተሳፋሪው አዋሽ ቡፌ ወርዶ ይበላል፣ ይተኛል፣ ይተዋወቃል፤ ያገባም አለ ይባላል። በየጣቢያው ሎሚና ሙዝ በመስኮት ይገባል፤ የማይገባም ዕቃ በመስኮት ይገባ ነበር፤ ዝርዝሩን ቀረጥ ሰብሳቢ እንዳይሰማን እንተወው።

አሁን ያንን ትተው መብራት የሚነዳው አመጡ። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ጥይት ነው አሉ። ጥይቱ ግን መነሻው ለገሃር አይደለም፤ ከከተማው ዳር ፉሪ ለቡ ነው። ባቡሩ ያተረፈልህን ሰዓት ጣቢያው ለመድረስ ታክሲ ውስጥ ታቃጥለዋለህ ማለት ነው። የድሮው ቢሆን ከቤትህ በእግርህ፣ ሻንጣህን ኩሊ ተሸክሞልህ! እኔ ራሴ በወጣትነቴ ድሬዳዋ ስሄድ በአውቶቡስ ነው የሄድኩት፤ ባቡሩ ይንቀራፈፋል፣ እኔ ደግሞ ጉዳይ ነበረኝ። ቢሆንም እንደ ባቡሩ ጉዞ ያለ ደስታ አላየሁም።

ሚኒባሱን በተመለከተ ብዙ አልልም። ገና አንድ እግርህን ስታስገባ ረዳቱ «ሳበው!» ይላል፤ ሌላው እግርህ መቼ እንደሚመጣ አይጨነቅም። እኔ ጋቢና ካልሆነ አልቀመጥም። ሾፌሩን አጠገቡ ተቀምጬ ስለ ዝግታ አስተምረዋለሁ፤ የፊተኛው መኪና ሲያዘግምበት ደግሞ «ምን ታየዋለህ፣ ንካው፣ ቅደመው እንጂ!» እያልኩ አበረታታዋለሁ። ልጆች ምክር ያስፈልጋቸዋል።

እንዲህ ስል «አባባ፣ አንተ የምትወደው አበበ ቢቂላስ ሯጭ አልነበረም ወይ?» ይሉኛል። ነገር ያገኙ መስሏቸው። እኔም እላቸዋለሁ፣ አበበ ሮጠ እንጂ አልቸኮለም። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ፣ አዲሱ ዓመት ሊገባ አንድ ሌሊት ሲቀረው፣ ያ የክቡር ዘበኛ ወታደር በባዶ እግሩ ምን አደረገ? ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ጎን ለጎን ሆኖ፣ ትንፋሹን ቆጥቦ፣ ፊቱን ሳያኮሳትር ረጅም መንገድ ሄደ። መጨረሻው ሲቃረብ፣ ጣልያን የወሰደው የአክሱም ሐውልት ከቆመበት አካባቢ ነው ጥሎት የወጣው። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ገባ። በዚያን ጊዜ ከእሱ ፈጥኖ የገባ የዓለም ሰው አልነበረም። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ደግሞ ጨርሶ ሲያበቃ ሣሩ ላይ ጋደም ብሎ እግሩን እያፍታታ ሌሎቹን ጠበቃቸው፤ ሁለተኛው ከአራት ደቂቃ በላይ ቆይቶ ነው የደረሰው። ይኸውላችሁ! ሰው ተረጋግቶ ሲጀምር ቁጭ ብሎ የሚጠብቅበት ጊዜ ይተርፈዋል።

ሐውልቱን ካነሣን አይቀር አንድ ነገር ልናገርና ይውጣልኝ። ጣልያን በ1939 ዓ.ም. በተፈረመው የሰላም ውል በ18 ወር ውስጥ የወሰደችውን ልትመልስ ቃል ገብታ ነበር። 18 ወር! አበበ ሮም ሲሮጥ ከውሉ 13 ዓመት አልፎ ሐውልቱ እዚያው ተገትሯል። አገሩ የገባው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ እሱም ሦስት ቦታ ተቆርጦ፣ በአውሮፕላን። ተመልሶ እስኪቆም ደግሞ እስከ 2000 ዓ.ም. ጠበቅን። ይህን ያህል መጓተት የት አገር ነው የሚታየው? ሰው ቆፍጠን ብሎ በአንድ ሌሊት አይጨርሰውም ነበር ወይ? ዕቃ መመለስ ምን ጊዜ ይፈጃል? ያስቆጣል እኮ! ተዉት፣ ደሜ ይነሣብኛል።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ድሮ ሰው ቤት ሲሠራ ዓመት በዓመት ነበር። አንዱን በጋ ማገርና ምሰሶ ያቆማል። ጭቃውን ከጭድ ጋር ለውሶ፣ ረግጦ፣ እስኪቦካ ያቆየዋል፤ ያልቦካ ጭቃ የመረገ ሰው ግድግዳው ሲሰነጠቅበት ሰፈሩ ይስቅበታል። ምርጊቱ ሲደርቅ ሁለተኛ ምርጊት። ቆርቆሮው ብር ሲገኝ። በሩ ዕቁብ ሲወጣ። ልጆች ተወልደው፣ ቤቱም እነሱም አብረው ያድጋሉ። የኔ ቤት እንዲህ ነው የተሠራችው፤ ይኸው እስከ ዛሬ ቆማለች። ልጄ ጣሪያዋ ያፈሳል ይላል። ያፈሳል፤ ግን በዝግታ ነው የሚያፈሰው። ዛሬ ፎቁን በአንድ ክረምት አስወንጭፈው፣ ሊፍቱ ሳይገጠምለት ሰው ያስገቡበትና ስምንተኛ ፎቅ የወጣ ዘመድ ልጠይቅ ስል ደረጃው ግማሽ ላይ ነፍሴ ልትወጣ ትደርሳለች። እዚያ ላይ ቀስ ብል ታዲያ የሚያመሰግነኝ የለም።

ዕቁብ አልኩ አይደል? አባቶቻችን ሀብት ያፈሩት በዚህ ነው። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ትጥላለህ፤ ዕጣ ይወጣል፤ ለአንዱ ዛሬ፣ ለሌላው ከወራት በኋላ። የመጨረሻው ባለ ዕጣ እንደ መጀመሪያው እኩል ይቀበላል፤ ዳኛው፣ ጸሐፊው፣ ዋሱ አለ። የዛሬ ልጅ ግን ዐሥር ሰው አስገባ፣ በወሩ እጥፍ ትወስዳለህ ሲሉት ደመወዙን ይዞ ይሮጣል። ከወር በኋላ ገንዘቡን የተቀበሉት ሰዎች ስልክ አይነሣም። ያን ጊዜ ማን ጋር ይመጣል? እኔ ጋር፣ ለታክሲ ሊበደር። እኔ በበኩሌ ዕቁቤን በትዕግሥት እጥላለሁ። ዕጣዬ ቀደም ብሎ እንዲወጣ ለዳኛው አንዳንዴ ማር በማሰሮ እልክለት ነበር፤ እሱ ግን የአክብሮት ነው።

ጋብቻውም እንዲያው ነው። ሽማግሌ ተልኮ በር ላይ ቆሞ፣ ግቡ ሲባል እምቢ ብሎ፣ «ልጅዎን ለልጃችን» ብሎ፣ «እንምከርበት፣ ሌላ ቀን ተመለሱ» ተብሎ ይመለሳል። እንደገና ይሄዳል። ዘር ይቆጠራል፣ ጠባይ ይጠየቃል። ዛሬ ልጆቹ ተዋውቀው፣ ተስማምተው፣ አዳራሹን ቀብድ ከፍለው ሲያበቁ ነው «አባባ፣ ቅዳሜ ሽማግሌ ሁንልን» የሚሉት። ሄጄ ስቆም የልጅቷ አባት እኔን ከማየት ሰዓቱን ያያል። እኔም የዚያን ቀን ኳስ ስለነበር ብዙ አላስረዘምኩም።

አሜሪካ ያለው ታናሽ ወንድሜ ድሮ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። «ለክቡር ወንድሜ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን» ብሎ ጀምሮ ገጽ ሙሉ ሰላምታ፤ በፖስታ ሣጥን ሳምንታት ቆይቶ ይደርሳል። ቴምብሩን ልጆች ይሻሙታል። ደብዳቤው ሲደርስ የታመመው ድኖ፣ የተጣላው ታርቆ ነው፤ ስለዚህ ክፉ ወሬ ሰው አይጎዳም ነበር። አሁን በድምፅ ቀድቶ በስልክ ይልክልኛል። ወንድሜ ሲያወራ ይንዛዛል፣ ከድሮም ያለ ጠባዩ ነው። የልጅ ልጄ ንግግሩን እጥፍ አድርጎ የሚያፈጥነውን ነገር አሳየኝና ከዚያ ወዲህ እፎይ አልኩ፤ እንደ ጫጩት ጭር ጭር ብሎ ያልቅለታል። እሱ ግን የኔን መልእክት እንደዚያ አፍጥኖ እንደሚሰማ ሰማሁ። ይህ ንቀት ካልሆነ ምን ይባላል? ለታላቅ ወንድም! ስደት እኮ ሰውን ያበላሸዋል።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ከዚህ በላይ ብናገር እናንተም ሰዓታችሁን ማየት ትጀምራላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ጀምራችኋል፣ ከዚህ ይታየኛል። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ዝግ በሉ። እህልን አላምጡት፣ ሰውን ሰላም በሉት፣ ቡናን እስከ በረካ ተቀመጡለት። ከመስከረም እንጀምራለን፣ ቀስ ብለን እንለምደዋለን የምትሉኝ ካላችሁ አልሰማም። ዛሬውኑ፣ አሁኑኑ ዝግ በሉ፤ እኔ የምጠብቅበት ትዕግሥት የለኝም።